የኖና ኢዳ ሲዬና

ባለፈው ሰኞ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ ለዕረፍት ጣሊያን ከርማ የተመለሰች ባልደረባዬ ጠቆር ያለ ክብ ኬክ ይዛ መጣች፤ ገና ወረቀቱን ስትገልጠው የቅርንፉድና የቀረፋው ሽታ አወደኝና የአርባ አራት ዓመት ሴትነቴ ቀርቶ ዋይትሆርን በሚባለው ሰፈራችን አጥር የምዘል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ኖና ኢዳ ነበሩ። ኖና በአገራቸው አያት ማለት ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ቶሮንቶ የገቡባቸው፣ ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው ያላረጀ ሴት። ጣሊያናዊት ነዎት ወይ ያላቸውን ሰው ይቆጣሉ፤ እሳቸው የሲዬና ሰው ናቸው፣ ጣሊያን የሚባለው አገር ኋላ የመጣ ነው። ወጥ ቤታቸው ተቀምጠን አተር ስንፈለፍል ከተሞቹን እንደ ሰፈር ሰው ያሟቸዋል፤ ቬኒስ ጠላት ሸሽታ ውሃ ላይ ቤት የሠራች ነጋዴ፣ ቦሎኛ ቀድማ የተማረች ግን ሆዷን የምትወድ፣ ኔፕልስ ድህነቷን በዘፈን የምትረሳ። ሲዬና ካቴድራሏን ልታሰፋ ጀምራ ወረርሽኝ ሕዝቧን ስለፈጀው፣ አዲሱ ግድግዳ እስከ ዛሬ ጣሪያ ሳይለብስ እንደቆመ የሰማሁትም ከሳቸው ነው። ፍሎረንስ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ሥዕሏም ሐውልቷም ጥሩ ነው ይሉና፣ ከተማቸውን ከብበው በረሃብ እጅ ካሰጧት መካከል እሷ እንደነበረች ያነሳሉ፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለፈውን ነገር ባለፈው ሳምንት የሆነ ያህል ነበር የሚያወሩት።

ችግሩ እማዬ ነበረች። አባቷ በአምስቱ ዓመት ወረራ ዱር የገቡ የጎንደር አርበኛ ነበሩ፤ ጣሊያን የተኮሰባቸውን ጥይት እግራቸው ውስጥ እንደያዙ ነው የሞቱት። ስለዚህ እዚያ ቤት ከገባን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖና ኢዳን ሰላም አላለቻቸውም፤ በአጥሩ ላይ ቲማቲም ሲዘረጉላት እንኳን ፊቷን አዙራ ትገባለች። እኔ የምሄደው ሥራ ስትገባ ጠብቄ ነበር። ብትደርስብኝ እስከ መጨረሻው እንደምትከለክለኝ አውቃለሁ፣ በዚያ አዲስ አገር ደግሞ ነይ ተቀመጪ የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

የተያዝኩት በፍልሰታ ነው። ፍልሰታን ልጅ ሁሉ ይጾማልና እኔም እጾም ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን ኖና ኢዳ ያንን ጥቁር ኬክ ጋግረው ሲቆርሱልኝ ሆዴ አሸነፈኝ። ከሥራ ቀደም ብላ የገባችው እማዬ አፌ ላይ ፍርፋሪ አየች፤ ያገኘሁበትን አውጣጥታኝ እጄን ጎትታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የኖና ኢዳን በር አንኳኳች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኖና ኢዳ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነበር የከፈቱልን፤ ሰላም እንደማለት በጣታቸው ዝም በሉ አሉን። ሲዬና ያሉት ወንድማቸው ስልኩን ቴሌቪዥን ላይ ደግነውላቸው የፈረስ ግልቢያ እያዳመጡ ነበር። ሲያበቃ፣ ሩጫው ለእመቤታችን ዕርገት ክብር መሆኑን፣ ፈረሱም አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እንደሚባረክ አስረዱን፤ እኔም ተረጎምኩ።

"ፈረስ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?" አለች እማዬ፣ ቁጣዋ ለአፍታ ጠፍቶባት። ወዲያው ተመልሶ መጣላት። "ኬኩ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቂያት።"

ማር፣ ለውዝ፣ ዱቄት፣ ቅመም፤ ቅቤም እንቁላልም የለበትም። የጾም ነበር። እማዬ ግን የመጣችው ለኬኩ ብቻ አልነበረም። "አባቴን በጥይት የመቱት ሰዎቿ ናቸው፤ ንገሪያት!"

ነገርኳቸው። ኖና ኢዳ እጃቸውን አወናጭፈው "ሮም ናት! ሲዬናን ማን ጠየቃት?" አሉ፤ ከዚያ በተናገሩት አፈሩ መሰለኝ፣ ፊታቸው ቀላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቅርታ ጠይቀው ለእማዬ ወንበር ሳቡላት። የትኛውን ልተርጉም? ይቅርታውን አስቀደምኩ፤ ሮምንም ግን አልተውኳትም። እማዬ ለክፉው ነገር ሁሉ አዲስ አበባን የምትከስ የጎንደር ሴት ናት፤ ሳቋ አመለጣት። ተቀመጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ "ከእንግዲህ በሩን ኖክ አድርገሽ ግቢ፤ አጥር አትዝለዪ" አለችኝ። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን መለየት ቸገረ። እማዬ ሽሮ ትወስዳለች፣ ቲማቲም ይዛ ትመለሳለች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ረግጣ የማታውቃትን ፍሎረንስን እንደ ክፉ ምራት ታማት ጀመር። ኖና ኢዳ የሞቱ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በጸጥታ በተቀመጠበት የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ብድግ ብላ ደረቷን እየደቃች አለቀሰችላቸው፤ ከቶሮንቶ የመጡት ልጆቻቸውም ተነስተው አቀፏት።

ዛሬ እዚያ ቤት ወጣት ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ ከመኪና ሆነው እጅ ያወዛውዙልናል፣ ስማቸውን ግን አናውቅም። እማዬ አርጅታለች፣ ደህና ናት፤ ስለ ኖና ኢዳ ስታወራም ፊቷ ይፈካል። አንድ ቀን ስንት ዓመት ተጎራበታችሁ ብዬ ጠየቅኳት።

"አሥራ ሦስት" አለች፤ ቀጥላም "እኔ ግን የኖርኩት አሥራ አንዱን ብቻ ነው።"