ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሚዘገይ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ያለን ማሽን አንድ፣ ሠራተኞቹም እኔና አንድ የደሴ ልጅ ብቻ ነበርን። ቧንቧ ውሃ በሚባለው የደሴ ሰፈር የሚኖሩ ነጋዴዎች ልጅ ነው፤ አያቱ ከየመን መጥተው እዚያው የቀሩ።

የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያሰላው ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። የት ላይ እንደሚዘገይ ለማወቅ አንዳችን ትእዛዝ እየጻፍን፣ ሌላችን የእጅ ሰዓት እያየን ደጋግመን ሞከርን። አንድ ቀን ሰለቸው።

«ለምን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን? ማሽኑ ራሱ ሰዓት አለው» አለኝ።

ትእዛዞቹን ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ጻፋቸው። ፋይሉ ሲጠራ ፕሮግራሙን ክፍል በክፍል ያስነሳል፤ እያንዳንዱ ሲጀምርና ሲጨርስ ሰዓቱን ይመዘግባል። የትኛው ክፍል ይሞከር፣ በስንት ሠራተኛ መረጃ፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ደግሞ ለብቻው በሌላ አጭር ፋይል አኖረው።

«ፈቃድ ብወጣ እዚህች ላይ ብቻ ቀይሪ፤ ሌላውን አትንኪው።»

ፈቃድ ሳይወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ከደሴ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሲሄድ ከእናቱ ጋር ቆመን ሸኘነው። እናቱ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ መኪናው እስኪርቅ ቆሙ።

በማግስቱ ፋይሉን አስነሣሁት። ማሽኑ ብቻውን ሲሠራ ዋለ፤ ውጤቱን ሳነበው ችግሩ ግልጽ ነበር። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስሞቹን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይደረድራል። እሱን ሳስተካክል የቀን ሙሉ ሥራ ከምሳ በፊት አለቀ። ሲመለስ እንዴት እንደምነግረው እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

መርዶው በክረምት ደረሰን። ለለቅሶ ደሴ ወጣሁ። እናቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ምን ነበር የሚሠራው? ይነግረኛል፤ ወላሂ አይገባኝም ነበር።»

«እማማ፣ ማሽኑ የት ላይ እንደሚዘገይ የሚፈልግ ነገር ሠርቶ ነበር። እሱ በሠራው አገኘነው። አሁን ሰው ደመወዙን ሳይጉላላ ይወስዳል።»

«እሱ አየው?»

«አላየውም። ከሄደ በኋላ ነው የተገኘው።»

አንገታቸውን ደፉ። «አላህ ይዘንለት» አሉ ቀስ ብለው። ጎረቤት ያመጣው ምግብ ሲቀርብ ትሪውን በእጃቸው ወደ እኔ ገፉት።

«ብዪ። ሳትበዪ ኮምቦልቻ አትወርጂም።»

እያዩኝ ስለነበር በላሁ።