ሙንዮንዮ ላይ ያዳንኳት ጀልባ

ማንም ሳይጠይቃችሁ ደግ ሥራ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሠርቻለሁ።

ካምፓላ ስኖር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ስለ ባሕርና ስለ መርከብ የተጻፈ ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። ካምዎክያ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት አልማዝ ይህን ስለምታውቅ፣ ሙንዮንዮ ሐይቅ ዳር ባለው የእንጨት ጀልባ ወዳጆች ክለብ አባል ልታደርገኝ ይዛኝ ሄደች።

እሷ ሰዎቹን ልትጠራ ስትገባ እኔ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አንዲት ትንሽ ጀልባ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጣ እስከ አፏ ውኃ ሞልታለች። ዝናብ ሞልቷት ልትበሰብስ ነው ብዬ ነጠላዬን አገለደምኩና ባገኘሁት ባልዲ ውኃውን እየቀዳሁ መድፋት ጀመርኩ። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ! ወገቤ ቢቆረጥም ከስንት ዘመን በኋላ ለአንድ ነገር ጠቀምኩ ብዬ አንጎራጉር ነበር።

ቀና ስል የክለቡ ሰዎች ከአልማዝ ጋር በረንዳው ላይ ተደርድረው ያዩኛል። የጀልባዋ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ አናጢ፣ ቀስ ብሎ መጣ።

«ጃጃ» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው። «ደርቃ ተሰነጣጥቃ ነበር። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ካላበጠ ስንጥቁ አይገጥምም። ሦስት ቀን እየተመላለስኩ የሞላኋት እኔ ነኝ። ነገ ልንቀዝፍባት ነበር።»

ወደ አልማዝ ዞርኩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ እትዬ። ግን እንዲህ ደስ ብሎዎት አይቼ አላውቅም፤ ላቋርጥዎት አልቻልኩም።»

ሁሉም አጨበጨቡልኝ። እዚያው አባል አደረጉኝ።

አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም፤ አልልምም።