ተጭኖ የመጣው ሊኑክስ

ነገሌ ላይ ኮምፒውተር እሸጥ በነበረበት ዘመን እልኸኛ ነበርኩ። በከተማው ያለው ዊንዶውስ ሁሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የተቀዳ፣ ከቡሌ ሆራ እስከ ሜጋ ቫይረስ ያዛመተ ነበር። አዲስ አበባ ያለውን አቅራቢዬን ለምኜ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በዊንዶውስ ፈንታ በነጻ የሚታደለው ሊኑክስ ተጭኖባቸው እንዲመጡ አደረግሁ። መጻፊያው፣ ፊልም ማሳያው፣ ድምፅ መቅጃው ሁሉ አብሮ አለ፤ ካርቶኑን ከፍቶ መሥራት ብቻ ነው።

ገዢዎች ግን አልወደዱትም። ጎረቤቴ ባለሱቅ «በነጻ የመጣ ነገር መቼ ጤና ኖሮት ያውቃል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ገዢዎቹም በየሳምንቱ «የለመድነውን ጫንልን» እያሉ ላፕቶፑን ይመልሱልኛል። መጀመሪያ አካባቢ ሊኑክሱን ከነፋይሉ ከማጥፋቴ በፊት «ውስጡ የምትፈልጉት ነገር አለ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ሁሉም «ገና አዲስ ነው፣ ምን ይኖረዋል?» ይሉኛል። በኋላ መጠየቁን ተውኩት። ንዴትም ነበረብኝ፤ ልፋቴ ውኃ ወቀጣ ሲሆን የሰው ፊት ማየት አስጠላኝ።

በዚያው ሰሞን ከከተማው የጦር ካምፕ መኪኖች መውጣት ጀመሩ። ወዴት እንደሚሄዱ የሚናገር አልነበረም። ዳቦ ቤት የሚሰለፉት የወታደር ሚስቶችም ወሬ አቆሙ። ከእነሱ አንዷ፣ የሊበን አገር ልጅ፣ ባሏ ከመሄዱ በፊት የገዛላትን ላፕቶፕ አምጥታ ለልጇ ጌም እንዲሠራ ዊንዶውስ እንድጭንላት ጠየቀችኝ። የሦስት ሳምንት ዕቃ ነው። ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት ሁሉንም አጥፍቼ ጫንኩላት።

በሳምንቱ ተመለሰች።

«አካም ጋሼ፣ ናጋ?» ብላ ሰላም አለችኝ። «የልጁ አባት ሲሄድ ድምፁን ቀድቶለት ነበር። ልጁ እሱን ሳይሰማ አይተኛም። የት አስቀመጡልኝ?»

ማስቀመጤን አልተጠራጠረችም። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩም፣ ፈራሁም። «እፈልገዋለሁ፣ እህቴ» አልኳት። ላፕቶፑን ተቀብዬ ዲስኩን ደጋግሜ ፈተሽኩት። የተቆራረጠ ጩኸት እንጂ የሰው ድምፅ አላገኘሁም።

በገበያ ቀን ሁሉ ብቅ ትላለች። ከባሏ ወሬ እንዳልመጣ ከፊቷ ይታወቃል። «አይቸኩሉ ጋሼ፤ እሱ ሲመጣ ራሱ ያናግረዋል» ትለኛለች። እኔም «እየፈለግሁ ነው» ብዬ እሸኛታለሁ።

አንድ ቀን ጥቁር ለብሳ ገባች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አሁን ይስጡኝ፣ ጋሼ» አለች።