ሁለት ከተማ የቆመ ሱቅ

ሃይድሩን ኬስትለርን ኮምፒውተር ይፈራታል ይባላል፤ ገና በር ላይ ስትደርስ ይስተካከላል አሉ። ውሸት ነው! ሴትዮዋ ሰው ለኮምፒውተሩ የጻፈውን ጥያቄ ጮክ ብላ ታነባለች፣ በቃ።

የዚያን ጠዋት በጀርመኗ ከተማ በሽቬትሲንገን መኪኖቹ ነጭ አስፓራገስ የሚባል አትክልት ጭነው ተገትረዋል። ከኮምፒውተሩ የደንበኞቹ ዝርዝር ባዶ እየወጣ ሾፌሮቹ መድረሻ አጡ፤ አትክልቱ ሊጠወልግ ነው።

«ወይዘሮ ኬስትለር፣ ይድረሱልኝ!» አለ አለቃው ቬንደሊን።

እሱ ለኮምፒውተሩ የጻፈውን አነበበች፦ «‹ከተማው ማንሃይም እና ሃይልብሮን የሆነ ሱቅ።› ምነው ጌታዬ፣ አንድ ሱቅ ሁለት ከተማ ይቆማል እንዴ?»

«የሁለቱንም ከተማ ሱቆች ማለቴ ነዋ!»

«እሱማ ለሰው ሲነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለቱም ከተማ ያለ አንድ ሱቅ ነው የሚፈልገው።»

«እና»ን አጥፍታ «ወይም» ብላ ጻፈች። ስሞቹ ተንጋግተው ወጡ፤ መኪኖቹም ተነሱ። ቬንደሊን እጁን እያወዛወዘ ሸኛቸው። እሷ ግን እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ያጠፋቻትን ቃል ታስባለች።

«እኛስ በ‹እና› እስከ ዛሬ እንዴት ተግባባን?» አለች።