የግራ እጇ ትርታ

ጎበዝ መሆኔን ከማንም አልደብቅም። ነፋስ ስልክ ባለው ቤታችን የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት ነገር የለም። መብራቱን የዘረጋሁት፣ ቧንቧውን የቀጠልኩት፣ ጣሪያውን የመታሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ አይቼ ነው የያዝኩት።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የመኝታ ቤታችን መስኮት ተሰበረ። መስታወት ገዝቼ ራሴ ቆረጥኩት። ባለቤቴ «ባለሙያ ጥራ» ብትለኝ «ከእኔ ወዲያ ምን ባለሙያ አለ?» አልኳት። እሷ ከታች በክንዷ ደግፋ ይዛ፣ እኔ ከላይ ስገፋ መስታወቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስባሪው የግራ ክንዷን ከክርኗ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ቀደደው። ደሙ እየዘለለ ይወጣ ነበር።

ጎረቤት ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ የቡና ዱቄት ይዞ ሲሮጥ መጣ። «ማንም እንዳይነካት!» ብዬ ጮህኩ። የመጀመሪያ ዕርዳታ መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነበር። ነጠላዋን አጣጥፌ ቁስሉን በመዳፌ ተጫንኩት፤ ላዳ ታክሲ ውስጥ ገብተን ሆስፒታል እስክንደርስ አንዴም አላነሳሁም። ሐኪሙ «እርስዎ እንዲህ ባይዙት ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር» አለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ። መስታወቱን ማን እንደገፋው ግን ሐኪሙ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

የተቆረጠው ወደ እጇ ደም የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር ነበር። ሐኪሙ ከእግሯ ቁራጭ ደም ሥር ወስዶ በመሃሉ ሰፋው። ቧንቧ ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ።

«ፈተናው አሁን ነው» አለኝ፣ ባለቤቴ ከቀዶ ሕክምናው ስትወጣ። «ደሙ ስፌቱ ላይ ከረጋ እጇን ልናጣው እንችላለን። ነርሶቹ ጥቂት ናቸው፤ እርስዎም አንጓዋ ላይ ትርታዋን እየዳሰሱ ይጠብቁ። ከጠፋ ቶሎ ይጥሩን።»

በሃያ ዓመት ትዳራችን ሰው ፊት እጇን ይዤ አላውቅም። በእኛ ጊዜ ባልና ሚስት መንገድ ላይ እንኳ አንዱ ቀድሞ አንዱ ተከትሎ ነበር የሚሄደው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል፣ ጠያቂ እየገባ እየወጣ፣ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

«ልቀቀኝ እንጂ፣ አታፍርም?» አለችኝ፤ አንደበቷ ገና በማደንዘዣው እንደተያዘ።

«የሐኪም ትእዛዝ ነው።»

ጎኗ የተኙት ሴትዮ «ምነው ለእኔም ባል እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጻፉለት!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

እኔ እቆጥራለሁ። ትርታው ጠንካራ ነው። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ «እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው» እላለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነርሷ መጣችና አያያዜን አየች።

«ጋሼ፣ በአውራ ጣት ነው እንዴ የሚቆጥሩት?»

«ታዲያ በምን ሊሆን ነው?»

«አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው እኮ! የራስዎን ልብ ነው ሲያዳምጡ የዋሉት።»

እየሳቀች ሁለት ጣቷን የባለቤቴ አንጓ ላይ አሳረፈች። ቆየች። ቦታ ቀየረች። ሳቋ ጠፋ። የባለቤቴን ጥፍሮች ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ነጥተዋል። እጇን ያሞቀው የእኔ መዳፍ ነበር።

ነርሷ ሮጣ ሐኪሙን አመጣችው። አልጋው ሲገፋ ከኋላ እየተከተልኩ «ዶክተር፣ መስታወቱን የገፋሁት እኔ ነኝ። ትርታውንም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። በሕይወቴ ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም።

«ከጠፋ ብዙም የቆየ አይመስለኝም፤ እንደርስበታለን» አለኝ ሳይቆም።

የረጋውን ደም አውጥተው ስፌቱን ደገሙት። ስትመለስ ነርሷ «ይዳስሱ» አለችኝ። ፈራሁ። ሁለት ጣቶቼን ይዛ ራሷ ከባለቤቴ አውራ ጣት በታች አንጓዋ ላይ አስቀመጠችልኝ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ቀጭን ነገር፣ ከእኔ ፈጠን የሚል፣ ጣቴን ገፋ አደረገኝ።

ባለቤቴ ዓይኗን ገለጠች። «መታ?»

«መታ።»

«የማን?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው ያዘው» አለችኝና ተመልሳ ተኛች።