አንድ ሚሊ ሴሊኒየም

የያዙኝ በቢታ ገነት ከብት ስከትብ ውዬ ስመለስ ነው። ቦንጋ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ እርጥብ ነበር፤ የዝናቡ ውኃ በበሩ ስር እየገባ የምንተኛበትን ሰሌን ያርሰዋል። ጥፋቴ በምርጫው ለተቃዋሚ ታዛቢ መሆኔ ነው። ይህን ግን ማን ይጽፋል? ከቦርሳዬ ለከብት የምወጋውን የሴሊኒየም ጠርሙስ አገኙና "የካድሬዎችን ከብት ሊመርዝ" ብለው ጻፉ።

ለመርማሪው ላስረዳ ሞከርኩ። በእንስሳ ሴል ውስጥ ጡንቻን ከጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም አለ፣ ያለ ሴሊኒየም አይሠራም፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ሴሊኒየሙ ራሱ ሌሎች ኢንዛይሞችን ያበላሻል፣ ይገድላል አልኩት። ከዚህ ሁሉ የጻፈው "ይገድላል" የምትለዋን ብቻ ነው። የራሴን አፍ ረገምኩ።

በማግስቱ በራችንን የሚጠብቀው ፖሊስ ተጠጋኝ። ሺሺንዳ እናቱ ቤት ያለች ጥጃ ከወደቀች ሰነባብታለች፤ ጡት ሲያቀርቡላት ትጠባለች፣ መቆም ግን አቅቷታል። ነገሩ የሴሊኒየም እጥረት ይመስላል። መድኃኒቱ ደግሞ የእኔው ጠርሙስ ነው፤ የማስረጃ ዕቃ በሚቀመጥበት ኤግዚቢት ክፍል ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው።

ፈራሁ። ጥጃዋ ብትሞት መርዝነቱን እኔው አረጋገጥኩላቸው ማለት ነው። ብትድንም እሱ ኤግዚቢት ነክቷልና ትንፍሽ አይልም።

"ጋሼ፣ እናቴ ሌላ የላትም" አለኝ።

የሚወጋበትን ቦታ በራሴ አንገት ላይ አሳየሁት። "አንድ ሚሊ። ከዚያ ብታሳልፍ ገደልካት፤ እኔንም ጭምር።"

በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ ወደ ምርመራ ሲወስደኝ፣ ፊት ለፊቱን እያየ፣ "ቆማለች" አለኝ።

መርማሪው እስክሪብቶ አቀበለኝ። "መርዝ መሆኑን ፈርም። መድኃኒት ነው ካልክ ምስክር ጥራ።"

ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ሊከፍት ሲል አየሁትና ቀደምኩት።

"ምስክር የለኝም። መርዝ ነው ብዬም አልፈርምም" አልኩ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ።

ስምንት ወር ታሰርኩ። ልጆቼ ያን ጊዜ ያለ አባት ነው የከረሙት፤ ሳስበው አንዳንዴ በራሴ እናደዳለሁ። ግን ያንን ሰው በእኔ ቦታ ማስገባት አልሆነልኝም። ዛሬም በሺሺንዳ ባለፍኩ ቁጥር መንገድ ዳር የሚግጡትን ላሞች ቆም ብዬ አያለሁ። ከመካከላቸው አንዷ ምስክሬ ትሆናለች።