የአቶ መንገሻ ግማሽ ግድግዳ

አቶ መንገሻ ቤታቸውን ሳያስጎበኙ ለእንግዳ ውሃ እንኳ አያቀርቡም። ኦክላንድ ውስጥ ተጣብቀው ከተሠሩ አምስት ቤቶች የመጨረሻው የእሳቸው ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ግድም አንድ እንግሊዛዊ ያገሩ ቤት ናፍቆት ነው የሠራቸው ይላሉ። ፊቱ ጠባብ፣ ቁመቱ ረጅም፣ የሳሎኑ መስኮት ወደ መንገዱ ሆዱን የነፋ። በደረጃው አላልፍ ያለ አልጋቸው በመስኮት ነው የገባው፤ እሱንም በኩራት ያወሩታል።

ፓሎ አልቶ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠራሉ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም።

ከጎረቤታቸው ከአቶ ሳህሌ የሚለያቸው አንድ የጋራ ግድግዳ ነው። ሳሎኖቹ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ የእሳት ምድጃዎቻቸውም ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ድምፅ ያሳልፋሉ። አንድ ቀን አቶ ሳህሌ መደርደሪያ ሊሰቅሉ ግድግዳውን በድሪል ሲበሱ፣ ወዲህ በኩል የአቶ መንገሻ ልስን ዱብ አለ። “ግማሹ የኔ ነው” አሉ አቶ መንገሻ። አቶ ሳህሌም የማይሆን ነገር መለሱ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ተኮራረፉ።

የአቶ ሳህሌ ልጅ ሐኒ ግን ወላጆቿ ሥራ ሲገቡ አቶ መንገሻ ጋ እየዋለች ነው ያደገችው። በኩርፊያው የእሷም እግር አጠረ። አቶ መንገሻን ያንገበገባቸው ልስኑ ሳይሆን ይኼ ነው።

እኔ ያወቅኋቸው በሽምግልና ነው። በፈረንጆቹ 1996 የሳን ሆዜው ናዖድ ሐኒን ሊያገባ ሦስታችንን ላከን። መሪያችን የቤተ ክርስቲያናችን ሰባኪ ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። አንድ በረንዳ ላይ መንታ በሮች ገጠሙን። ጋሽ ማንደፍሮ ማንንም ሳይጠይቁ አንዱን ደወሉ።

አቶ መንገሻ ከፍተው አስገቡን። ወንበር ቢያሳዩን እምቢ አልን፤ ልጅ ጠያቂ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። ጋሽ ማንደፍሮ ምድጃው አጠገብ ቆመው በዚያ በስብከት ድምፃቸው፣ “ልጅዎን ሐኒን ለልጃችን ለናዖድ እንዲሰጡን ነው የመጣነው” አሉ።

የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። የሐኒን ሽምግልና የሰሙት ገና ያኔ ከእኛ አፍ ነበር።

“ልጅቷ የኔ አይደለችም” አሉ ቀስ ብለው። “አባቷ ጎረቤቴ ነው። እዚያው ሂዱ።”

“ይቅርታ ያድርጉልን፤ አድራሻውን ቼክ ሳናደርግ ነው” አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልንወጣ ስንል አቶ ሳህሌ በሩ ላይ ቆመዋል። የጋሽ ማንደፍሮ ድምፅ በምድጃው በኩል አንድም ሳይቀር ደርሷቸዋል። ጋሽ ማንደፍሮ አፍረው ጥያቄውን እንደገና ሊጀምሩ ሲሉ አቶ ሳህሌ አቋረጧቸው።

“ጥያቄውን ለጋሽ መንገሻ አቅርባችኋል፤ መልሱን እሳቸው ይስጡ። እኔና ባለቤቴ ትርንጎ ደብል ሺፍት ስንሠራ ልጅቷን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።” ከዚያ ወደ አቶ መንገሻ ዞረው፣ “ጋሽ መንገሻ፣ አጥፍቻለሁ” አሉ።

አቶ መንገሻ ልስኑ የወደቀበትን ቦታ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ።

“እንግዲህ ተቀመጡ” አሉን።

ገና ወንበር ስንስብ ከምድጃው ውስጥ የሐኒ ድምፅ መጣ። “ጋሼ፣ ዲድ ዩ ሴይ የስ?”

አቶ መንገሻ ተንበርክከው አንገታቸውን ወደ ምድጃው አስገቡ። “የስ ብያለሁ፣ ልጄ” አሉ፤ ከዚያም እዚያው እንደተንበረከኩ አለቀሱ።